«መመለስ» የሚለው ግሥ የማይሸከማቸው ፍቾች
የውሂብ ጎታን ከምትኬ ስለ መመለስና ስለ ስሕተት መልእክቶች አተረጓጐም

በኮምፒዩተር ውስጥ በሥርዓት ተደራጅቶ የሚቀመጥ መረጃ ሲበላሽ ወይም ሲጠፋ፣ አስቀድሞ ከተያዘ ቅጂ አንሥቶ እንደገና ማቋቋም ግድ ይሆናል። ይህ ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚከናወነው በጭንቀት ሰዓት ነው። ሠራተኛው ከፊቱ የሚያገኘው ረዳትም አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ማሽኑ የሚያወጣው የስሕተት መልእክት ነው። መልእክቱ በአማርኛ የቀረበ እንደ ሆነ በማሽኑና በሠራተኛው መካከል የቆመው ተርጓሚው ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው እነዚህ መልእክቶች ሲተረጐሙ የሚያጋጥመውን ችግር ሲሆን፣ ዋናው አስተያየታችን የሚከተለው ነው፦ በእንግሊዝኛ ሦስት ስሞች የተሰጣቸው ሦስት የተለያዩ ድርጊቶች በአማርኛ «መመለስ» በሚለው በአንድ ግሥ እየተጠሩ ናቸው። ድርጊቶቹን ሳይለዩ ስሞቹን መለየት ስለማይቻልም ተርጓሚው አስቀድሞ የማሽኑን አሠራር መረዳት ይኖርበታል።

ለጉዳዩ መነሻ የሚሆኑት ቃላት በተጠቃሚው ዘንድ ከሞላ ጐደል ጸንተዋል። «የውሂብ ጎታ» የሚለው ስያሜ በልዩ ልዩ ፕሮግራሞች የአማርኛ ትርጉም ውስጥ ስለተለመደ እኛም እንዳለ እንቀበለዋለን። «ምትኬ» የሚለው ግን ጥቂት ማብራሪያ ይሻል። ቃሉ «ምትክ» ከሚለው ስም የመጣ ሲሆን መድረሻው የአንደኛ መደብ ባለቤትነት አመልካች ነው፤ እንደ «ቤቴ»፣ እንደ «ልጄ» ማለት ነው። በሰው ስምነትም የታወቀ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ልጅ ከሞተ በኋላ ለሚወለደው ልጅ ነው። ከሰዋስው አንጻር ስናየው «ምትኬህን አስቀምጥ» ማለት አንዱን ስም ለሁለት ባለቤት መስጠት ነው፤ ቢሆንም ሕዝብ የተቀበለውን ቃል ለዚህ ብሎ መጣል አይገባም። በፍቹ በኩል ደግሞ እውነት የሚናገር ስም ነው፤ ምትክ የሚፈለገው ፊተኛው ሲታጣ ነውና።

«ተዛማጅ የውሂብ ጎታ» በሚለው ስያሜ ላይ ግን አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። የዚህን ዐይነት የውሂብ ጎታ መሠረተ ሐሳብ ያቀረበው በአይቢኤም ኩባንያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ኤድጋር ኮድ ሲሆን፣ ጽሑፉ የታተመው በ1970 እ.ኤ.አ. ነው። ደራሲው «ሪሌሽን» የሚለውን ቃል የወሰደው ከሒሳብ ነው። በሒሳብ ቃሉ አንድ ዐይነት ቅርጽ ያላቸው ረድፎች ስብስብ ማለት ነው፤ በተግባር ሲታይ አንድ ሠንጠረዥ ማለት ነው። ብዙ ሰዎች ግን ስያሜው የመጣው ሠንጠረዦቹ እርስ በርሳቸው ስለሚዛመዱ ይመስላቸዋል። ይህ ስሕተት በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ሲገኝ ጉዳቱ ቀላል ነው። ምትኬ በሚመለስበት ሰዓት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፖስትግሬስ የተባለው ሥርዓት «ቃላት» የሚባል ሪሌሽን አስቀድሞ እንዳለ ሲያስታውቅና ይህ «ዝምድናው አስቀድሞ አለ» ተብሎ ሲተረጐም፣ ሠራተኛው በሁለት ሠንጠረዦች መካከል ያለ ግንኙነት ሲፈልግ ይውላል። ማሽኑ የሚለው ግን መመለሻው ቦታ ባዶ አይደለም ነው፤ ምናልባትም ባለፈው ሙከራ በከፊል የተመለሰው ሠንጠረዥ እዚያው ተቀምጧል። በፖስትግሬስ ዘንድ ሪሌሽን የሚለው ስም ከሠንጠረዥ በተጨማሪ የፍለጋ ማውጫንና ሌሎችንም ስለሚያጠቃልል፣ «ሠንጠረዡ አስቀድሞ አለ» ማለትም ሁልጊዜ ልክ አይሆንም። «በዚህ ስም የሚጠራ ነገር በውሂብ ጎታው ውስጥ አስቀድሞ አለ» ቢባል ረዘም ቢልም ሠራተኛውን ወደ ትክክለኛው ቦታ ይመራዋል።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። የውሂብ ጎታ ለውጥ ሲደረግበት፣ ለውጡን በሠንጠረዡ የዲስክ ገጽ ላይ ከማስፈሩ በፊት ምን እንደሚለወጥ በአንድ ተከታታይ መዝገብ ላይ ይጽፋል። ባለሱቅ ሽያጩን እንደተከናወነ በዕለት ደብተር ላይ ጫር አድርጎ፣ ማታ ደግሞ ወደ ዋናው መዝገብ እንደሚያዛውረው ያለ ነው። መብራት ቢጠፋና ዋናው መዝገብ ሳይሞላ ቢቀር የዕለቱ ደብተር እስካለ ድረስ የጠፋ ነገር የለም። ይህን መዝገብ እኛ «የውሎ መዝገብ» ብንለው እንመርጣለን። በአንዳንድ ፕሮግራሞች የሚታየው «ምዝግብ ማስታወሻ» የሚለው ስያሜ ማስታወሻ ብቻ ስለሚመስል፣ ቢጣል የማይጐዳ አስመስሎ ያቀርበዋል። ይህ የቃል ፍራቻ ብቻ አይደለም። ፖስትግሬስ ይህን መዝገብ የሚያኖርበት ማኅደር በስሙ ውስጥ «ሎግ» የሚል ቃል ነበረበት። ዲስክ የሞላባቸው ሰዎች ተራ የክትትል ጽሑፍ መስሏቸው ማኅደሩን እየሰረዙ የውሂብ ጎታቸውን ያጠፉ ስለነበር፣ በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣው በ10ኛው ስሪት የማኅደሩ ስም እንዲለወጥ ተደረገ። አንድ ስያሜ በሰው ንብረት ላይ ምን ያህል ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል የሚያሳይ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ በዘርፉ ውስጥ አናውቅም።

ይህ ከታወቀ ሦስቱን ድርጊቶች መለየት ቀላል ነው። ሐሙስ ሌሊት ምትኬ ተይዟል፤ ዓርብ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ዲስኩ ተበላሸ እንበል። መጀመሪያ የሚደረገው የሐሙሱን ቅጂ አምጥቶ በቦታው ማኖር ነው። ይህ የመጀመሪያው ድርጊት ነው። ነገር ግን በዚህ ጊዜ በእጃችን ያለው የሐሙስ ሁኔታ ነው። ቀጥሎ ከሐሙስ ሌሊት እስከ ዓርብ ስምንት ሰዓት የተጻፈው የውሎ መዝገብ ካለ፣ ማሽኑ እርሱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እያነበበ ለውጦቹን አንድ በአንድ ይደግማቸዋል። በመጨረሻም ዲስኩ በተበላሸበት ቅጽበት ተጀምረው ያልተፈጸሙ ሥራዎች ይገኛሉ፤ ለምሳሌ ገንዘብ ከአንዱ ሒሳብ ወጥቶ ወደ ሌላው ገና ያልገባ እንደ ሆነ፣ የወጣው እንዳልወጣ መደረግ አለበት። ይህ ሁሉ በአማርኛ «መመለስ» ይባላል፤ ቅጂው ይመለሳል፣ ሥርዓቱ ወደ ነበረበት ይመለሳል፣ ያልተፈጸመው ሥራም ይመለሳል።

የእኛ ሐሳብ ይህ ነው። ቅጂውን በቦታው ማኖር «መመለስ» ይባል፤ ቃሉ ለዚህ ይስማማዋል። የውሎ መዝገቡን ደግሞ አንብቦ፣ ያልተፈጸመውንም አጥርቶ ለአገልግሎት ብቁ መሆን «ማገገም» ይባል። «አገገመ» የማይሻገር ግሥ ነው፤ ሐኪም በሽተኛውን ያክማል እንጂ አያገግመውም፣ የሚያገግመው በሽተኛው ራሱ ነው። በማሽኑም ዘንድ እንዲሁ ነው፤ ሰው ቅጂውን ይመልሳል፣ የውሂብ ጎታው ያገግማል። ሰዋስውና ቴክኒክ እንዲህ ሲገጥሙ ማለፍ ያሳዝናል። ያልተፈጸመን ሥራ ማፍረስ ደግሞ «መቀልበስ» ይባል። ሙሉ በሙሉ የሚፈጸም ወይም ጭራሽ የማይፈጸም ለሚባለው የሥራ አሐድ «ግብይት» የሚል አቻ በአንዳንድ ጽሑፎች ቀርቦለታል። ይሁንና የመዝገበ ቃላት ቃል መጨመርም ሆነ የተማሪ ስም ማረም ግብይት ስላልሆነ «ክንዋኔ» ቢባል የተሻለ ይመስለናል።

ልዩነቱ የሊቃውንት ጨዋታ እንዳልሆነ አንድ የተለመደ ችግር ያሳያል። በማይክሮሶፍት ኤስ ኪው ኤል ሰርቨር ምትኬ የሚመልስ ሰው ሁለት ምርጫ ይቀርብለታል፦ ከተመለሰ በኋላ ያገግም፣ ወይም ሳያገግም ይቆይ። ሁለተኛው የሚመረጠው ተከታይ የውሎ መዝገብ ምትኬዎች ገና የሚጨመሩ ከሆነ ነው። ሳያገግም እንዲቆይ የታዘዘ የውሂብ ጎታ በስሙ አጠገብ ሁኔታውን የሚያመለክት አንድ ቃል ያሳያል፤ ይህ ቃል በአማርኛ «በመመለስ ላይ» ተብሎ ቢተረጐም ሠራተኛው ማሽኑ ሥራ ላይ ያለ መስሎት ይጠብቃል። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ እስኪነጋም ይጠብቃል። ማሽኑ ግን ሥራውን ጨርሶ የሚጠብቀው ሠራተኛውን ነው። የሚጨመር መዝገብ ከሌለ እንዲያገግም ማዘዝ ብቻ ይበቃ ነበር። በተቃራኒው የሚጨመሩ መዝገቦች እያሉ ቸኩሎ እንዲያገግም ያደረገ ሰው ቀሪዎቹን መጨመር አይችልም፤ ያልተፈጸሙት ክንዋኔዎች ተቀልብሰዋልና ሥራውን ከመጀመሪያው ቅጂ አንሥቶ እንደገና መጀመር ይኖርበታል። ስለዚህ ያ የሁኔታ ቃል «ተጨማሪ መዝገብ ወይም የማገገም ትእዛዝ በመጠበቅ ላይ» ቢባል ትርጉሙ ከቃሉ ሳይሆን ከነገሩ ይወሰዳል።

በዚሁ ሥርዓት ሌላም መልእክት አለ፤ የቀረበው መዝገብ ለመጨመር «በጣም አዲስ ነው» የሚል። በአማርኛ እንዲህ ቢባል አንባቢው የፕሮግራሙ ስሪት አዲስ የሆነ ይመስለዋል። የተባለው ግን በመካከል አንድ መዝገብ ጐድሏል፤ የሰኞውንና የረቡዑን አቅርበህ የማክሰኞውን ረስተሃል ነው። መልእክቱ እስከ መጨረሻው ቢነበብ ከየትኛው ተራ ቁጥር ጀምሮ ያለው መዝገብ እንደሚፈለግ ይናገራል፤ ሰው ግን ሲጨነቅ የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር አንብቦ ይተወዋል። ስለዚህ ተርጓሚው «መካከል ላይ የጐደለ መዝገብ አለ» የሚለውን ሐሳብ ወደ ፊት ቢያመጣው መልካም ነው።

ስለ ስሪት ካነሣን ዘንድ፣ «እትም» የሚለው ቃል ለመጽሐፍ ይቆይ፤ ለፕሮግራም «ስሪት» ጸንቷል። የስሪት አለመግጠም በዘርፉ ታሪክ ውስጥ በሰፊው የታወቀ ጉዳት አድርሷል። ጊትላብ የተባለው ኩባንያ በጃንዋሪ 31 ቀን 2017 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም በጥር 23 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ አንድ ሠራተኛው በአንድ ማሽን ላይ ሊያደርግ ያሰበውን ስረዛ በዋናው ማሽን ላይ በማድረጉ 300 ጊጋባይት ያህል ውሂብ ተሰረዘበት፤ ሲቆም የቀረው 4.5 ጊጋባይት ብቻ ነበር። ወደ ምትኬው ሲኬድ ማከማቻው ባዶ ሆኖ ተገኘ። የውሂብ ጎታው የፖስትግሬስ 9.6 ስሪት ሲሆን፣ ምትኬ እንዲይዝ የተመደበው መሣሪያ ግን 9.2 ስለ ነበረ፣ አሮጌው መሣሪያ አዲሱን አላነብም ብሎ በየጊዜው በስሕተት ያቆም ነበር። የስሕተቱ ማስታወቂያ በኢሜይል ይላክ የነበረ ሲሆን፣ ኢሜይሉ የማረጋገጫ ፊርማ ስላልነበረው ተቀባዩ ሥርዓት አልቀበልም ይል ነበር። በመጨረሻ ሠራተኛው በአጋጣሚ ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ጉዳይ ከያዘው ቅጂ የውሂብ ጎታው ተመለሰ፤ የስድስት ሰዓቱ ሥራ ግን ጠፋ። ኩባንያው ይህን ሁሉ ሳይሸሽግ ራሱ አሳትሞታል። ለተርጓሚ የሚጠቅመው ነጥብ ማሽኑ መናገሩን አለማቋረጡ ነው፤ የጠፋው የሚሰማው ሰው ነበር።

ቅጂው የሚያዝበት መንገድ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው የዲስኩን ፋይሎች እንዳሉ መገልበጥ ነው። ሁለተኛው ውሂቡን እንደገና ለመሥራት የሚያስችሉ ትእዛዞች በተከታታይ የተጻፉበት ፋይል ማውጣት ነው። ሁለተኛውን ባለሙያዎቹ በውሰት «ዳምፕ» ይሉታል፤ «ዝርግፍ» ብንለው ግን አማርኛው ከእንግሊዝኛው ባልተናነሰ ነገሩን ያሳያል፤ ጎታው ተዘርግፎ እህሉ በሜዳ ላይ እንደ ማለት ነው። ዝርግፍ ሲመለስ የሚወጡት ስሕተቶች ብዛታቸው ያስደነግጣል። አንድ ሠንጠረዥ መሠራት ካልቻለ ወደ እርሱ ሊገቡ የነበሩት ረድፎች ሁሉ በየተራቸው ይከሽፋሉ፤ በእርሱ ላይ የተመሠረቱት ቁልፎችና ማውጫዎችም እንዲሁ። ስለዚህ መነበብ ያለበት የመጀመሪያው ስሕተት ነው፤ በማያ ገጹ ላይ የሚቀረው ግን የመጨረሻው ነው። የፖስትግሬስ መሣሪያዎች ካልተከለከሉ በቀር ስሕተት ሲያገኙ አያቆሙም፤ አልፈው ይሄዳሉ። ፒጂ ሪስቶር የተባለው መሣሪያ ሥራውን ሲፈጽም ስንት ስሕተት እንዳለፈ በአንድ መስመር ያስታውቃል። ይህ መስመር «ችላ የተባሉ ስሕተቶች 12» ተብሎ ቢተረጐም ስሕተቶቹ ችላ ሊባሉ የሚገባቸው ያስመስላል። «ሳይታረሙ የታለፉ ስሕተቶች 12» ማለት ይሻላል።

አንዳንዱ ስሕተት ደግሞ መነሻው ቃል ብቻ ነው። በፖስትግሬስ «ሮል» የሚባለው የተጠቃሚ ወይም የተጠቃሚዎች ቡድን መጠሪያ ነው፤ ዝርግፉ በአዲስ ማሽን ላይ ሲመለስ የሠንጠረዡ ባለቤት የነበረው ስም እዚያ ካልተመዘገበ «ሚናው የለም» የሚል ትርጉም ማንንም አይረዳም። «ይህ ተጠቃሚ በዚህ ማሽን አልተመዘገበም» ቢባል መፍትሔው ከመልእክቱ ውስጥ ይገኛል።

ለእኛ ለቋንቋ ሰዎች ይበልጥ የሚቀርበን የፊደል ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በሦስተኛው ስሪት ነው። በተለመደው የአጻጻፍ ስልት እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በሦስት ባይት ይቀመጣል። ዝርግፉ በትክክል ተይዞ ሳለ የሚመልሰው ፕሮግራም የላቲን ጽሑፍ መስሎት ቢያነበው፣ አንዱ ፊደል ሦስት የማይነበቡ ምልክቶች ሆኖ ይታያል፤ ከሦስቱ የመጀመሪያው አናቱ ላይ ጭረት ያለበት የላቲን ትንሹ «ኤ» ነው። ይህ ምልክት በየሦስት ቦታው እየተደጋገመ ከታየ መደንገጥ አያስፈልግም፤ ውሂቡ በስሕተት ተነበበ እንጂ አልጠፋም፤ በትክክለኛው ስልት እንደገና ቢነበብ ይድናል። በፊደሎቹ ቦታ የጥያቄ ምልክት ከታየ ግን ሁለት ነገር መለየት ያሻል። የማያ ገጹ ጉድለት ብቻ ከሆነ ደኅና ነው። በሠንጠረዡ ውስጥ የተጻፈው ራሱ የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ፕሮግራሙ የግዕዙን ፊደል የሚያኖርበት ቦታ አጥቶ በምትኩ ይህን ጽፏል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ «ሰላም» እና «ደብተር» የሚለዩት በጥያቄ ምልክቶቹ ብዛት ብቻ ነው፤ «ሰላም» እና «ጨረቃ» ግን ጨርሶ አይለዩም። ስለዚህ ሁለቱን ሁኔታዎች «የፊደል ችግር» በሚል በአንድ ስም መጥራት አይገባም። የመጀመሪያውን «የንባብ መዛባት»፣ ሁለተኛውን «የፊደል መጥፋት» እንላቸዋለን።

ይህ ጸሐፊ በተሳተፈበት አንድ የመዝገበ ቃላት ዝግጅት ይህ ሁለተኛው ደርሷል። ውሂቡ ወደ አዲስ ማሽን ሲዛወር ፕሮግራሙ ምንም ስሕተት ሳያሳይ ጨረሰ፤ አሮጌውም ማሽን ተጠርጎ ለሌላ ሥራ ተሰጠ። የምሳሌ ዐረፍተ ነገሮቹ የጥያቄ ምልክት ብቻ መሆናቸው የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። የወረቀቱ ካርዶች በሣጥናቸው ስለ ነበሩ እንደ ገና ተቀመጥንና ጻፍን፤ በካርድ ላይ ያልነበረውና በቀጥታ በማሽኑ የተጨመረው ግን ቀረ።

በማይ ኤስ ኪው ኤል ሥርዓት ውስጥም የሚያሳስት ስም አለ። «ዩቲኤፍ 8» ተብሎ የቆየው የፊደል ስልት ለአንድ ፊደል ከሦስት ባይት በላይ አይቀበልም፤ እስከ አራት ባይት የሚቀበለው ስልት በ2010 እ.ኤ.አ. በሌላ ስም ተጨመረ። ለአማርኛ ሦስቱ ባይት ይበቃል። በ2021 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ የጨመራቸው የጉራግኛ መጻፊያ ፊደላት ግን አራት ባይት የሚፈልጉ ስለሆኑ፣ የጉራግኛ ቃላት ያሉበት ዝርግፍ በአሮጌው ስልት ወደ ተዘጋጀ ሠንጠረዥ ሲመለስ ይከሽፋል። በአማርኛ ብቻ ተፈትኖ «ይሠራል» የተባለ ሥርዓት ለሌሎቹ የአገራችን ቋንቋዎች ላይሠራ እንደሚችል ልብ ይሏል።

የአደራደር ሥርዓትም እንዲሁ ነው። ኤስ ኪው ኤል ሰርቨር ከ2008 እ.ኤ.አ. ስሪት በፊት በነበሩት የአደራደር ሥርዓቶቹ ለግዕዝ ፊደላት የተራ ክብደት ስላልሰጣቸው፣ ሁለት የተለያዩ የአማርኛ ቃላት እኩል ተደርገው ሊታዩ ይችላሉ። እንዲህ ባለ ሠንጠረዥ ላይ ዝርግፍ የሚመልስ ሰው ሁለተኛውን ቃል ሲያስገባ «ቁልፉ ተደግሟል» የሚል መልእክት ይደርሰዋል። ሠራተኛው በውሂቡ ውስጥ ድግግሞሽ ይፈልጋል፤ ድግግሞሽ ግን የለም፤ ጥፋቱ የአደራደሩ ነው። በሊኑክስ በኩል ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ጂሊብሲ 2.28 የተባለው መሠረታዊ ቤተ ፕሮግራም የቃላቱን አደራደር በሰፊው ስለለወጠ፣ ከዚያ በፊት በነበረ ማሽን ላይ በፋይል ግልባጭ የተያዘ የፖስትግሬስ ምትኬ በአዲስ ማሽን ላይ ሲመለስ ማውጫው በአሮጌው ተራ፣ ፈላጊው በአዲሱ ተራ ይሆናሉ። ያለው ቃል ተፈልጎ የለም ይባላል። ማውጫውን እንደገና መሥራት ያድነዋል፤ ችግሩ የስሕተት መልእክት የሌለው በመሆኑ የሚተረጐምም ነገር የለም።

የቀረው «ኮራፕሽን» የሚለው ነው። መዝገበ ቃላት ከፍቶ የሚተረጉም ሰው «ሙስና» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ ያሥቃል፤ ነገር ግን በግዕዝ «ማሰነ» ጠፋ፣ ተበላሸ ማለት ስለሆነ ጥንታዊው ፍች ከማሽኑ ሁኔታ ጋር በጣም ይገጥም ነበር። የዛሬው አማርኛ ቃሉን ለጉቦና ለሥልጣን ብልግና ስለሰጠው ልናስመልሰው አንችልም፤ «ብልሽት» ይበቃል። «የገጹ ማረጋገጫ ድምር አይገጥምም» የሚል መልእክት ሲተረጐም ግን ከሥሩ አንድ መስመር ማስጠንቀቂያ እንዲጨመር እንጠይቃለን፦ ብልሽቱ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንዳለ ሳይታወቅ የቆዩት ምትኬዎች አይሰረዙ፤ አዲሶቹ ብልሽቱን ይዘው የተገለበጡ ሊሆኑ ይችላሉና።